ኤኤልቲ 104፦ ጥፋቱ የሶሪያሲስ መድኃኒቱ ነው ወይስ የጉበቱ?

ጥያቄው፦ «43 ዓመቴ ነው፣ ወንድ ነኝ። ሶሪያሲስ የሚባለው ቅርፊት የሚያወጣ የቆዳ በሽታ ከያዘኝ 12 ዓመት ሆኖኛል። በሚቀባ መድኃኒት አልመለስ ሲለኝ ሐኪም ሜቶትሬክሴት አዘዘልኝ። በሳምንት አንድ ቀን 15 ሚሊግራም ለ10 ወር ወሰድኩ። ቆዳዬ ጸድቶ ነበር። ባለፈው ወር የደም ምርመራ ሳደርግ ኤኤልቲ 104፣ ኤኤስቲ 61 መጣ። ወረቀቱ ከ40 በታች መሆን አለበት ይላል። ቢሊሩቢን ደህና ነው፣ ፕላትሌት 230 ሺህ ነው። መድኃኒቱን እሁድ ማታ ውጬ ሰኞ ጠዋት ነው ደም የሰጠሁት። ደንግጬ መድኃኒቱን በራሴ አቆምኩ፣ ለሐኪሙም አልነገርኩም። አሁን ክርኔና ጉልበቴ ላይ ቅርፊቱ ተመልሷል። አንድ ዘመዴ ‹ጉበትህ አልቋል› አለኝ። ሌላው ‹ጉበት ያጥባል› ብሎ የዕፅዋት እንክብል ሰጠኝ፤ ገና አልጀመርኩትም። ጉበቴ ተበላሽቷል? ሜቶትሬክሴቱን ልመለስበት? ወይስ ጉበት የማይነካ ሌላ መድኃኒት አለ? ክብደቴ 94 ኪሎ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ70 ነው። ቅዳሜና እሁድ ቢራ እጠጣለሁ። ፎሊክ አሲዱን አንዳንዴ እረሳዋለሁ። የጉበት ቫይረስ ተመርምሬ አላውቅም።»

ጉበትዎ አላለቀም። ከጻፉልኝ ቁጥሮች ውስጥ እንዲህ የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። ግን «ምንም የለብዎትም» ብዬም አልሸኝዎትም። ከመድኃኒቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ነገር ጥያቄዎ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ዋዛ የጣሏቸው ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ነው ያለው። ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስሙ ያሳሳተንን እናስተካክል። ኤኤልቲና ኤኤስቲ «የጉበት ሥራ ምርመራ» እየተባሉ ይጠራሉ። ስሙ ልክ አይደለም። ሁለቱም ሴል ውስጥ የሚኖሩ ኢንዛይሞች ናቸው። የጉበት ሴል ሲቆጣ ወይም ሲጎዳ ወደ ደም ያፈስሳቸዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ አለ ማለት የሆነ ነገር ሴሎቹን እያስቆጣቸው ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ አይናገርም። ጉበት ሥራውን እየሠራ ነው ወይስ አቅቶታል የሚለውን የሚነግሩን ሌሎች ናቸው፦ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን፣ ጉበት ከደም የሚያጸዳው ቢጫ ቀለም ማለትም ቢሊሩቢን፣ እና ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው አይኤንአር። አልቡሚንን የሚሠራው ጉበት ነው። ደም የሚያረጉትን ፕሮቲኖችም በአብዛኛው የሚሠራው እሱ ነው። ጉበት በጣም ሲደክም ምርቱ ይቀንሳል። ጢስ አየን ማለት ቤቱ ነዶ አለቀ ማለት አይደለም። የእርስዎ ቢሊሩቢን ደህና ነው። አልቡሚንና አይኤንአር አልጻፉልኝም፤ ካልተሠሩ ይሠሩ።

የዚህ ተቃራኒም እውነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ኢንዛይሙ ደህና ስለሆነ ብቻ ጉበት ላይ ጠባሳ የለም አይባልም። ሜቶትሬክሴት ለዓመታት ሲወሰድ ጠባሳው ቀስ ብሎ፣ ድምፁን አጥፍቶ ሊሠራ ይችላል። ኢንዛይሙ ያን ጊዜ 35 ሊል ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲወጣ አንሸበርም፣ ሲወርድም አንተኛም።

አሁን ወደ ሰኞ ጠዋቱ ልመለስ። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ከተዋጠ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት የጉበት ኢንዛይም ለጊዜው ከፍ ማለቱ የታወቀ ነው። ከዚያ ይወርዳል። ለዚህ ነው ደም የሚሰጠው ከመጨረሻው እንክብል ቢያንስ 5 ቀን ካለፈ በኋላ፣ ማለትም የሚቀጥለው ከመዋጡ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የሚሆነው። እርስዎ ማታ ውጠው ጠዋት ተመረመሩ። ከተራራው ጫፍ ላይ ቆሞ ከፍታ እንደመለካት ነው። ከ104 ውስጥ ምን ያህሉ የዚያች ሌሊት እንደሆነ ማንም ሊነግርዎት አይችልም። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ መድኃኒቱን ያዘዘው ወይም ደሙን የቀዳው ሰው ሊነግርዎት ይገባ ነበር። በነገራችን ላይ፣ ከምርመራው በፊት በነበሩት ቀናት ከባድ ስፖርት ሠርተው ከሆነም ይንገሩ። ሁለቱም ኢንዛይሞች፣ በተለይ ኤኤስቲ፣ ጡንቻ ውስጥም አሉ። ብረት አንስቶ በማግስቱ የተመረመረ ሰው ጉበቱ ሳይነካ ቁጥሩ ሊወጣ ይችላል።

መድኃኒቱ ጉበትን አይነካም እያልኩ አይደለም። ይነካል። ሜቶትሬክሴት የሚሠራው ሴሎች ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን እንዳይጠቀሙ በማገድ ነው። ሶሪያሲስ ላይ ያሉት ችኩል የመከላከያ ሴሎች በዚህ ይበርዳሉ። ጉበትም ግን ፎሌት ይፈልጋል። መድኃኒቱ ደግሞ የጉበትን ጨምሮ ሴሎች ውስጥ ገብቶ የመቀመጥ ጠባይ አለው፤ በሳምንት አንዴ ተውጦ ሳምንቱን ሙሉ የሚሠራውም ለዚሁ ነው። ፎሊክ አሲድ የሚታዘዘው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው፤ በብዙ ቦታ በሳምንት 5 ሚሊግራም፣ ወይም በየቀኑ 1 ሚሊግራም። ብዙ ሐኪሞች ሜቶትሬክሴቱ በሚዋጥበት ቀን እንዲታለፍ ያደርጋሉ። ማቅለሽለሹን ይቀንሳል፤ የኢንዛይሙንም መጨመር በግልጽ ይቀንሳል። አንዳንድ ታካሚ «ቫይታሚን ነው፣ ቢቀር ምን አለበት» ይላል። እርስዎም «አንዳንዴ እረሳዋለሁ» ብለውኛል። ይኼ እንደ ማባያ የሚታይ ነገር አይደለም። ከሜቶትሬክሴቱ ጋር የታዘዘ የሕክምናው ግማሽ ነው።

እንግዲህ ወደ ቀረው ጉዳይ። 94 ኪሎ በ1.70 ሜትር፣ የሰውነት ክብደት መለኪያው 32.5 ይመጣል። ከ30 በላይ ነው። በዚህ ላይ ቅዳሜና እሁድ ቢራ። በዚህ ላይ ሶሪያሲስ። ሶሪያሲስ ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ይልቅ ጉበታቸው ላይ ስብ የመከማቸት ዕድላቸው ሰፊ ነው። በሽታው ቆዳ ላይ ይታይ እንጂ የመላ ሰውነት መቆጣት ነው፤ ከውፍረት፣ ከስኳርና ከደም ቅባት ጋር አብሮ ይሄዳል። ሌላ በሽታ እንዳለብዎት አልጻፉልኝም። ስኳርና የደም ቅባት ተለክተዋል? ካልተለኩ «የለብኝም» ሳይሆን «አላውቅም» ነው የሚባለው።

ይህ ለምን አስፈለገ? ሜቶትሬክሴት ብቻውን ጤነኛ ጉበት ላይ የሚያደርሰው ጉዳትና፣ ስብና አልኮል ቀድመው ባደከሙት ጉበት ላይ የሚያደርሰው እኩል አይደለም። ድሮ «የሜቶትሬክሴት ጉበት» ይባል የነበረው ከጉበት በተቆረጠ ናሙና ላይ ሲታይ፣ ብዙ ጊዜ ስብ ከሚያመጣው ጉዳት ጋር የሚመሳሰል መልክ ነው ያለው። ለባለሙያም ሁለቱን ለይቶ መናገር ያስቸግራል። የኤኤልቲው ከኤኤስቲው መብለጥም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በአልኮል በብርቱ በተጎዳ ጉበት ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ተገላቢጦሹ ነው፤ ኤኤስቲው ይበልጣል፣ እጥፍም ይሆናል። ስለዚህ ከዚህ ርቀት ፍረድ ብትሉኝ፣ የእኔ ዋና ተጠርጣሪ ስቡ ነው። መድኃኒቱ ግብረ አበር ነው። የምርመራው ሰዓት ደግሞ ጉዳዩን አጋንኖታል። ይህ ግን ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም።

እና እዚህ ላይ፣ ሳያስቡት አንድ ጠቃሚ ነገር አድርገዋል። ለአንድ ወር ያህል ያለ መድኃኒት ቆይተዋል። ኤኤልቲ ደም ውስጥ ግማሹ ለመጥፋት ሁለት ቀን ያህል ነው የሚፈጅበት። መድኃኒቱ ብቻ ቢሆን ጥፋተኛው፣ አሁን ቁጥሩ ወደ ቦታው መመለስ ወይም መቃረብ ነበረበት። አሁኑኑ ድጋሚ ይመርመሩ። 38 ቢል፣ ሜቶትሬክሴቱና የዚያች ሌሊት ምርመራ ነበሩ ማለት ነው። መድኃኒቱ በሌለበት 85 ቢል ግን ጥፋተኛው ገና ቤት ውስጥ አለ፤ መድኃኒቱን ብንቀይርም አብሮን ይኖራል። ይህን ዕድል የሚያበላሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ የተሰጥዎት እንክብል።

አይጀምሩት። ጉበትን «የሚያጥብ» ነገር የለም። ጉበት የቆሸሸ ጨርቅ አይደለም፤ አጣቢው ራሱ እሱ ነው። ለሜቶትሬክሴት የጉበት ጉዳት ፍቱንነቱ የተረጋገጠ የዕፅዋት መድኃኒት የለም። የከፋው ደግሞ ከእነዚህ «ተፈጥሯዊ» እንክብሎች መካከል ራሳቸው ጉበት የሚጎዱ መኖራቸው ነው። የአረንጓዴ ሻይ ንጥረ ነገር ተጨምቆ በእንክብል ሲሸጥ፣ እርድም እንዲሁ በከፍተኛ መጠን ተጠናክሮ ሲሸጥ፣ ከባድ የጉበት መቆጣት ያመጡባቸው ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ወጥ ላይ የሚገባ እርድ ማንንም አልጎዳም፤ ጣጣው ያለው በመጠኑና በማጠናከሪያው ላይ ነው። ዕቃው ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው የማይገጥሙበት ጊዜም አለ። አሁን ቢጀምሩትና ኢንዛይሙ ቢጨምር እሱ ይሁን ስቡ እንዴት እናውቃለን? ቢቀንስስ፣ ምስጋናው ለማን ነው? ዕቃውን ሳይከፍቱ ይዘው ለሐኪምዎ ያሳዩ። ዘመድዎን አያስቀይሙ፤ ግን አይዋጡት።

ከድጋሚው ምርመራ ጋር አብሮ መሠራት ያለበት አለ። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ። እውነቱን ለመናገር ይህ ከመጀመሪያው እንክብል በፊት መሠራት ነበረበት። ሄፓታይተስ ቢ ለዓመታት ያለምንም ምልክት ሊኖር ይችላል። የመከላከያ ኃይልን የሚያዳክም መድኃኒት ሲሰጥ ሊነቃ ይችላል፤ ሲነቃ ደግሞ ጉዳቱ ከባድ ሊሆን ይችላል። ለቢ አንድ ምርመራ ብቻ አይበቃም፤ የቫይረሱ የላይኛው ፕሮቲንና የኮር ፀረ እንግዳ አካሉ አብረው ይታዩ። ሁለተኛው ቀደም ሲል ተይዘው ያለፉትን ይለያል። ከዚህ ሌላ የኩላሊት ምርመራ ያስፈልጋል። ሜቶትሬክሴት ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ኩላሊት ሲደክም 15 ሚሊግራሙ እንደ 30 ሊሆን ይችላል። ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ጾም ላይ የሚወሰድ ስኳርና የደም ቅባት፣ የጉበት አልትራሳውንድም ይጨመሩ።

«አንዳንዶች ጉበት በመርፌ ይቆረጣል ይላሉ» የሚል ስጋትም ከሌሎች ታካሚዎች እሰማለሁ። ይህ ከድሮ ልማድ የቀረ ነው። ቀደም ባለው አሠራር የተወሰደው መድኃኒት ተደምሮ 1.5 ግራም ሲደርስ ናሙና ይወሰድ ነበር። ከጊዜ በኋላ አደጋ ለሌለባቸው ሰዎች ከ3.5 እስከ 4 ግራም ተደረገ። አሁን ደግሞ መርፌ በማይፈልጉ ዘዴዎች ነው የሚጀመረው። የእርስዎን ብንደምረው 43 ሳምንት በ15 ሚሊግራም፣ 645 ሚሊግራም ነው። 1.5 ግራም ለመድረስ 100 ሳምንት ይፈጃል። ገና ግማሹም አልደረሱም።

መርፌ ከማይፈልጉት ውስጥ አንዱ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ፊብ-4 ይባላል። ዕድሜን በኤኤስቲ ያባዛሉ። ያንን ለፕላትሌት (ደም ለሚያረጉት ሴሎች ቁጥር፣ በሺህ ተቆጥሮ) እና ለኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ብዜት ያካፍላሉ። የእርስዎን ሠራሁት፦ 43 በ61፣ 2,623 ነው። የ104 ስኩዌር ሩት 10.2 ገደማ ነው፤ በ230 ሲባዛ 2,346 ገደማ። ውጤቱ 1.12። ከ1.3 በታች ሲሆን የገፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው ይባላል፤ ከ2.67 በላይ ሲሆን ያሳስባል። ጥሩ ቁጥር ነው። ግን ኢንዛይሙ በወጣበት ሰዓት የተሠራ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አልተማመንበትም፤ በአዲሱ ደም ይደገም። ከተቻለ ፋይብሮስካን ይሠራልዎ። የጉበትን ግትርነት በድምፅ ሞገድ የሚለካ፣ የማያም፣ ደቂቃዎች የሚፈጅ ምርመራ ነው። የስቡንም መጠን ይገምታል። እርስዎን ለመሰለ ሰው ይህን ከመድኃኒቱ በፊት ብጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር።

መድኃኒቱን በራስዎ ማቆምዎን በተመለከተ ብዙ አልወቅስዎትም። ሜቶትሬክሴት በድንገት ሲቆም እንደ ፕሬድኒሶሎን (የሚዋጥ ስቴሮይድ) ሰውነትን አያናጋም። የተሳሳቱት ለሐኪምዎ ሳይነግሩ መቆየትዎ ላይ ነው። ኤኤልቲዎ ከገደቡ 2.6 እጥፍ ነው። ለዚህ ዓይነት ቁጥር የታወቀ መንገድ አለ። ከ2 እጥፍ በታች ከሆነ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገማል። ከ2 እስከ 3 እጥፍ ከሆነ መጠኑ ቀንሶ በቅርብ ክትትል ይደገማል። ከ3 እጥፍ በላይ ከዘለቀ ይቆማል፣ የጉበት ሐኪም ያየዋል። እርስዎ መሃለኛው ላይ ነዎት። ማለትም አንድ ስልክ ቢደውሉ ኖሮ ምናልባት ቆዳዎ እንዲህ ሳይመለስ መጠኑ ብቻ ይቀነስ ነበር።

አሁን «ጉበት የማይነካ ሌላ አለ?» ወደሚለው። አለ። ግን ጉበትን የማይነካው ሌላ ነገር ይነካል፣ ወይም ዋጋው ይነካል፣ ወይም ጊዜዎን ይወስዳል።

የተመለሰው ክርንና ጉልበት ላይ ብቻ ከሆነ፣ አሁን የሚያስፈልግዎት እንክብል ላይሆን ይችላል። ካልሲፖትሪኦልና ስቴሮይድ የተቀላቀለበት ቅባት በትክክል ከተቀባ ብዙ ይሠራል። በትክክል ከተጠቀሙበት ለጉበት አያሰጋም። «በቅባት አልመለስ ሲለኝ» ያሉት ከ10 ወር በፊት ሰውነትዎን ሁሉ ሸፍኖ በነበረ ጊዜ ይሆናል፤ የዛሬው ሁለት ቦታ ሌላ ነገር ነው። ጠባብ ባንድ የአልትራቫዮሌት ጨረር ሕክምናም አለ። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ለብዙ ሳምንታት መመላለስ ይፈልጋል። ጉበት ላይ ምንም የለውም። መመላለሱን ከቻሉት፣ ለእርስዎ የምወደው እሱን ነው።

ከሚዋጡት ውስጥ አሲትሬቲን «ሜቶትሬክሴት ጎዳኝ» ለሚል ሰው የሚቀርብ አማራጭ ሆኖ አያለሁ። የቫይታሚን ኤ ዘመድ ነው። እሱም ኢንዛይም ያወጣል፣ የደም ቅባት ይጨምራል። ለእርስዎ ጉበት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ሳይክሎስፖሪን ጉበትን ብዙ አያስቸግርም፤ ደም ግፊትና ኩላሊትን ነው የሚያጠቃው፣ ለረጅም ጊዜም አይወሰድም። አፕሬሚላስት ከእነዚህ ይልቅ ለጉበት የዋህ ነው፤ ተቅማጥና ማቅለሽለሽ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ የስሜት መደበት ሲያመጣም ስለታየ፣ የድብርት ታሪክ ካለ መነገር አለበት። ጉልበቱም መካከለኛ ነው። ባዮሎጂክ የሚባሉት መርፌዎች፣ በተለይ ኢንተርሊውኪን 17ን ወይም 23ን (መቆጣትን የሚያቀጣጥሉ የሰውነት መልእክተኞችን) የሚያግዱት፣ ቆዳን በማጽዳት አሁን ካሉት ሁሉ ብርቱ ናቸው። እነሱም ከመጀመራቸው በፊት የሳንባ ነቀርሳና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ይፈልጋሉ። ውድ ናቸው፣ በየቦታውም አይገኙም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልከልክልዎ። ማንም ሰው «ቶሎ ያጠፋልዎታል» ብሎ የፕሬድኒሶሎን እንክብል ወይም የስቴሮይድ መርፌ ቢሰጥዎት እምቢ ይበሉ። ቆዳው በቀናት ውስጥ ይጸዳል። ሲቆም ግን ሶሪያሲሱ ከነበረበት ብሶ፣ አንዳንዴም መላ ሰውነትን የሚያቀላ ወይም መግል የሚቋጥር ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ጉበትን ሸሽቶ እሳት ውስጥ መግባት ነው።

ይህን የሚያነብ ሁሉ ሶሪያሲስ የለበትም፤ ስለ ሌሎቹ የቆዳ መድኃኒቶች ባጭሩ። ለጥፍር ፈንገስ የሚዋጠው ተርቢናፊን ጉበትን የሚጎዳው ከስንት አንዴ ነው። ሲጎዳ ግን ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ነው፤ የምግብ ጣዕም ማጣትም ሊያመጣ ይችላል፤ እሱ ግን የጉበት ጉዳት ምልክት አይደለም። የሚዋጥ ኬቶኮናዞል በጉበት ጉዳት የተነሳ በ2013 የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ከገበያ እንዲወጣ ያሳሰበበት፣ የአሜሪካው ደግሞ ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ እንዳይሰጥ ያለው መድኃኒት ነው። ለቋቁቻ ወይም ለጭርት አሁንም የሚያዝዝ ካለ፣ ለምን እንደሆነ ይጠይቁት። ሻምፑውና ቅባቱ በዚህ ውስጥ የሉበትም። ለብጉር የሚሰጠው ሚኖሳይክሊን ከረጅም ወራት በኋላ ሰውነት የራሱን ጉበት እንዲያጠቃ ሊያደርግ ይችላል። ለሥጋ ደዌና ለአንዳንድ የቆዳ በሽታዎች የሚሰጠው ዳፕሶን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ ሽፍታና የጉበት መቆጣት አንድ ላይ ቢያመጣ ወዲያው ይቆማል፤ ቀጠሮ አይጠበቅም።

መቼ ነው በእውነት መደንገጥ ያለብን? የዓይን ነጭ ሲቢጫ፣ ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ሲጠቁር፣ ሆድ በቀኝ ጎን ከጎድን በታች ሲያም፣ የማያቆም ማስመለስና ከባድ ድካም ሲመጣ። ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» የሚለው መልክ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ደግሞ ኤኤልቲ ከ3 እጥፍ በላይ፣ ቢሊሩቢንም ከ2 እጥፍ በላይ አንድ ላይ ሲወጡ። ሃይማን ዚመርማን የተባሉ የጉበት ሐኪም ያስተዋሉት ነገር ነው፦ መድኃኒት እንዲህ ካደረገ፣ ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ሊሞት ወይም የጉበት ንቅለ ተከላ ሊያስፈልገው ይችላል። የእርስዎ ቢሊሩቢን ደህና መሆኑ ያስደሰተኝ ለዚህ ነው።

ከጉበቱ ሌላም ሜቶትሬክሴት ሁለት ወጥመዶች አሉት። አንደኛው በስህተት በየቀኑ መውሰድ ነው። ይህ ሰው ይገድላል። የአፍ ቁስል፣ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት የሚበልዝ ቆዳ ካዩ ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኒ እየተጠቃ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሁለተኛው ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክ ነው። እሱም ፎሌትን ይሻማል። ሁለቱ ሲገናኙ መቅኒን ሊያደርቁ ይችላሉ። የትም ቦታ ለሳልም ይሁን ለሽንት ሲታከሙ «ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ» ይበሉ። ኢቡፕሮፌንና መሰሎቹም በኩላሊት በኩል መጠኑን ሊያስጨምሩ ስለሚችሉ ከመዋጥዎ በፊት ይጠይቁ። አዲስ ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠርም መድኃኒቱን የሚያስቆም ምልክት ነው። ልጅ ለመውለድ አስበው ከሆነም ይናገሩ፤ የመድኃኒቱ መመሪያ ወንድ ካቆመ በኋላ 3 ወር፣ ሴት 6 ወር የእርግዝና መከላከያ እንዲጠቀሙ ያዛል።

ምክሬ ይኸው ነው። ሜቶትሬክሴቱን አሁን አይጀምሩ፣ ሌላ ነገርም በራስዎ አይተኩ። በዚህ ሳምንት የዘረዘርኳቸውን ምርመራዎች ሁሉ ያሠሩ። ቢራውን ያቁሙ፤ ይቀንሱ አላልኩም፣ ቢያንስ ነገሩ እስኪጣራ ያቁሙ። ክርንና ጉልበትዎን በቅባት ይያዙ። ሄፓታይተስ ከተገኘ፣ ወይም ፋይብሮስካኑ ጠባሳ ካሳየ፣ ሜቶትሬክሴት ለእርስዎ አብቅቷል፤ ወደ ጨረሩ ወይም ወደ መርፌዎቹ እንሄዳለን። ስብ ብቻ ከሆነ የጉበቱ መድኃኒት ክብደቱ ነው። ከ7 እስከ 10 በመቶ መቀነስ የጉበትን መቆጣት እንደሚያበርድ የታወቀ ነው። ለእርስዎ ከ6.5 እስከ 9.5 ኪሎ ማለት ነው። ሶሪያሲሱም ራሱ ክብደት ሲቀንስ ይለዝባል። በዚህ ሁኔታ ግን ሜቶትሬክሴትን ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ አልመልስልዎትም።

ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ከተገኘና የቆዳዎ ሐኪም እንደገና ልጀምርልህ ካለ፣ ከ7.5 ወይም ከ10 ሚሊግራም ቢጀመር ይሻላል፤ ፎሊክ አሲዱ ሳይቀር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ወራት ምርመራው ይጠጋጋል፣ ከዚያ በየ3 ወሩ ይሆናል። መዋጫዎ እሁድ ማታ ከሆነም ደም የሚሰጡት ቅዳሜ ጠዋት ነው፣ ሰኞ አይደለም።